ላሳልጋኦን፦ ስለ ህንዷ የሽንኩርት ከተማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእርሻ ወራትና ሰዓት ግን በእኛ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

ላሳልጋኦን የት ናት?

በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ክልል፣ በናሺክ አውራጃ፣ በኒፋድ ወረዳ ውስጥ። ከናሺክ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከሙምባይ በባቡር 236 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በካርታ ላይ ለሚፈልጋት ሰው ማንማድ የተባለውን ትልቅ የባቡር መገናኛ ማግኘት ይበቃል፤ ከዚያ ወደ ናሺክ አቅጣጫ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከተማዋ ትንሽ ናት። የማዳበሪያና የዘር ሱቆች፣ የትራክተር ጥገና ቤቶች፣ የሻይ መሸጫዎች፣ የባቡር ጣቢያው፣ ከዳር ዳር ደግሞ ቆርቆሮ የለበሱ የነጋዴ ግቢዎች አሉባት። ቢሆንም በህንድ ውስጥ የሽንኩርት ዋጋ በተወራ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው የእሷ ስም ነው። ዴልሂ ያለ ሚኒስትርም ሆነ ዱባይ ያለ አስመጪ ጠዋት የሚጠይቀው «ላሳልጋኦን ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ ነው። «የእስያ ትልቁ የሽንኩርት ገበያ» የሚለው ቅጽልም ከስሟ አይለይም።

ሽንኩርቱ ለምን እዚህ ሰፈረ?

ከምዕራብ በኩል የሚመጣውን የክረምት ዝናብ የሳህያድሪ ተራሮች ቀድመው ይቀበሉታል፤ ኒፋድ ከተራራው ጀርባ ስለሆነች የሚደርሳት ልከኛ ዝናብ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። በጋው ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የኒፋድ የታኅሣሥና የጥር ብርድ በማሃራሽትራ ምሳሌ ሆኖ የሚነገርለት ነው። ጭንቅላት የሚቋጥር ሽንኩርት የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ሲያድግ ብርድ፣ ሲደርስ ደረቅ ሙቀት። ውሃው ከጉድጓድና ከጎዳቫሪ ወንዝ ቦዮች ይመጣል።

ባቡሩም አለ። የሙምባይ–ቡሳዋል መስመር በከተማዋ ስለሚያልፍ ከዚህ የተጫነ ሽንኩርት እስከ ዴልሂ፣ እስከ ቢሃር፣ እስከ አሳም ይደርሳል። በኦክቶበር 2024 መንግሥት ከመጠባበቂያ ክምችቱ 1,600 ቶን በ42 ፉርጎዎች አስጭኖ ከላሳልጋኦን ወደ ዴልሂ ልኳል። ያን ያህል ጭነት በመኪና ይሂድ ቢባል ከ50 በላይ ከባድ መኪና ይጠይቃል።

ገበያውን የሚያስተዳድረው ማነው?

የእርሻ ምርት ገበያ ኮሚቴ የሚባል በሕግ የተቋቋመ አካል ነው። የላሳልጋኦኑ ሥራ የጀመረው ህንድ ነጻ በወጣችበት በ1947 ነው፤ ዛሬ የሚመራበት ሕግ ግን የ1963ቱ የማሃራሽትራ የገበያ አዋጅ ነው። የቦርዱ አባላት በምርጫ ይገባሉ። ከ18ቱ ወንበሮች 11ዱ በገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ 4ቱ በመንደር ምክር ቤቶች፣ 2ቱ በነጋዴዎች፣ 1ዱ በተሸካሚዎችና በመዛኞች ይሞላሉ። ተሸካሚው በቦርዱ ውስጥ በሕግ የተጻፈ ወንበር ያለው መሆኑ ሊደነቅ ይገባዋል፤ አንድ ድምፅ ብቻ መሆኑም ሊረሳ አይገባም።

ኮሚቴው ራሱ አይገዛም፣ አይሸጥም። ግቢውን ያዘጋጃል፣ ለነጋዴ ፈቃድ ይሰጣል፣ ጨረታውን ያካሂዳል፣ ሚዛኑን ይቆጣጠራል፣ ከሽያጩም የገበያ ክፍያ ይሰበስባል። ክፍያው ከ100 ሩፒ 1 ሩፒ ሲሆን የሚከፍለው ገዢው ነው። በ2023 መስከረም ላይ የናሺክ ነጋዴዎች ሲያድሙ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ክፍያ በግማሽ ይቀነስልን የሚል ነበር።

ጨረታው እንዴት ነው የሚካሄደው?

ገበሬው ሽንኩርቱን በጆንያ ሳይቋጥር በትራክተር ተሳቢ ላይ ዝርግፍ አድርጎ ይጭናል። አንድ ተሳቢ ከ20 እስከ 30 ኩንታል ይይዛል፤ አነስተኛ ፒክአፕ የግማሹን ያህል። እዚያም ኩንታል ማለት 100 ኪሎ ስለሆነ የእኛ ሰው የዋጋ ሰሌዳውን ሲያነብ አይቸገርም።

ከበሩ ላይ ስሙ ተመዝግቦ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ተሳቢዎቹ ጎን ለጎን በረድፍ ይቆማሉ። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ የኮሚቴው ጸሐፊ ከነመዝገቡ ይመጣል፤ ከኋላው ነጋዴዎች በቡድን ይከተሉታል። ተሳቢው ጋ ሲደርሱ የጎኑ መዝጊያ ይከፈታል። ነጋዴው እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከመሃል ያወጣል፤ አንዱን ይጨምቀዋል፣ አንገቱን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ልጣጩን ፍቆ ቀለሙን ያያል። አንገቱ ለስላሳ ከሆነ አልደረቀም ማለት ነው፤ በመንገድ ይበሰብሳል። ልጣጩ ተገፎ ያለቀ ከሆነ ለውጭ ገበያ አይሆንም። ሁለት ሆኖ የተሰነጠቀና ጭንቅላቱ የተጣመረ ከበዛበት ዋጋው ወዲያው ይወርዳል።

ዋጋው በጩኸት ነው የሚጠራው። ጸሐፊው መነሻ ይጠራል፣ ነጋዴዎቹ ይጨምራሉ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ከፍተኛውን የጠራው ስሙ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ቡድኑም ወደሚቀጥለው ተሳቢ ይዞራል። ገበሬው ዋጋው ካልጣመው አልሸጥም ብሎ ሊመለስ ወይም ለከሰዓቱ ጨረታ ሊቆይ ይችላል። በተግባር ግን ለናፍጣ፣ ለአሽከርካሪና ለጫኝ ከፍሎ የመጣ ሰው ጭነቱን ይዞ መመለሱ ከባድ ነው፤ ነጋዴውም ይህን ያውቃል።

ከጨረታው በኋላ ተሳቢው ከነጭነቱ ይመዘናል፣ ወደ ነጋዴው ግቢ ሄዶ ያራግፋል፣ ባዶውን ተመልሶ ይመዘናል። የሁለቱ ልዩነት የሽንኩርቱ ክብደት ነው።

ጠብ የሚነሳው የት ላይ ነው?

ሲራገፍ። ከላይ ያለው ደህና ሆኖ ከታች ትናንሽ ወይም የበሰበሰ ከወጣ ነጋዴው ዋጋ ልቀንስ ይላል። ገበሬው ደግሞ ጨረታው አልቋል፣ ቀድመህ ማየት ነበረብህ ይላል። ኮሚቴው ገብቶ ያስማማቸዋል፤ ብዙ ጊዜ በኩንታል ጥቂት አሥር ሩፒዎች ተቀንሰው ይለያያሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ገበሬ ቤቱ ሳለ ትልቁን ከትንሹ ለይቶ በተለያየ ተሳቢ ይጭናል። ጎልቲ የሚባለው ትንሹ ሽንኩርት ለብቻው ሲቀርብ የራሱ ገዢ አለው፤ ከትልቁ ጋር ሲደባለቅ ግን የሁሉንም ዋጋ ይዞ ይወርዳል።

ሁለተኛው ጠብ ተቀናሽ ነው። የማውረጃና የመመዘኛ ሒሳብ ከገበሬው ክፍያ ላይ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ በሚለው ክርክር በኤፕሪል 2024 በናሺክ አውራጃ ጨረታ እስከ መቆም ደርሷል። የደላላ ኮሚሽን ግን በ2016 ሕጉ ተለውጦ ከገበሬው ላይ ተነስቷል፤ ነጋዴዎቹ ያኔም አድመው ነበር።

ሦስተኛው ክፍያ ነው። ገንዘቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ለገበሬው መድረስ አለበት። ቼክ ተቀብሎ የሚሄድና ሳምንታት የሚመላለስ ገበሬ ግን አይጠፋም። የሚዛኑን ወረቀትና የጨረታውን ወረቀት አንድ ላይ መያዝ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ አንዱ የጎደለው ሰው ለኮሚቴው አቤት ሲል ማስረጃው ግማሽ ነው።

ሽንኩርቱ ዓመቱን ሙሉ ይመጣል?

በሦስት ዙር ይመጣል። የክረምቱ ሰብል ሐምሌና ነሐሴ ተተክሎ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይነሳል፤ ቀለሙ ደማቅ፣ ውሃው ብዙ ነው፤ ወር እንኳ መቆየት ስለማይችል እንደተነቀለ ይሸጣል። ቀጥሎ ራንግዳ የሚባለው ከጥር እስከ መጋቢት ይደርሳል። ሦስተኛውና ዋናው የበጋው ሰብል ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ተዘርቶ፣ ታኅሣሥና ጥር ተተክሎ፣ መጋቢት መጨረሻ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይነሳል። የህንድ ዓመታዊ ምርት 60 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚገኘው ከዚህ ነው፤ የሚከማቸውም እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አገሪቱ የምትበላው የተከማቸ ሽንኩርት ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ክምችቱ ሲሳሳና የክረምቱ ሰብል በዝናብ ሲዘገይ ዋጋው ይፈነዳል። ይህ በየዓመቱ የሚታወቅ ክፍተት ነው፤ ጥያቄው በየትኛው ዓመት ይሰፋል የሚለው ብቻ ነው።

ገበሬው እስከ ጥቅምት የሚያቆየው እንዴት ነው?

ካንዳ ቻል በሚባል የሽንኩርት ጎተራ። በኒፋድ ገጠር በየእርሻው ዳር ረጅም፣ ጠባብ፣ ግድግዳው በቀርከሃ ወይም በእንጨት ርብራብ የተሠራ ቤት ይታያል። ቀላል ይመስላል፤ እያንዳንዱ መጠን ግን ምክንያት አለው።

ወለሉ ከመሬት ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ እሱም ርብራብ ሆኖ ይሠራል፤ አየር ከሥር መግባት አለበት። የክምሩ ስፋት ከ1.2 ሜትር፣ ከፍታው ከ1.5 ሜትር አይበልጥም። ከዚያ ካለፈ የመሃሉ ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ የታችኛው በክብደት ይጨፈለቃል። አንድ ረድፍ ጎተራ ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ባለ ሁለት ረድፉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሆን ይመከራል። ጣሪያው ሸክላ ቢሆን ይሻላል፤ ቆርቆሮ የግንቦትን ፀሐይ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ክዳኑ ወደ ውጭ ረዘም ብሎ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ነፋስ ያዘለ የክረምት ዝናብ በርብራቡ ይገባል። ተስማሚው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የአየር እርጥበት ደግሞ ከ65 እስከ 70 በመቶ ነው።

ጎተራው ብቻውን ግን አያድንም። የሚበሰብሰው ሽንኩርት አብዛኛው ችግሩን ከእርሻው ይዞት ይመጣል። ከመነቀሉ ከ10 እስከ 15 ቀን በፊት ውሃ መቆም አለበት። ከተተከለ 60 ቀን ካለፈው በኋላ ናይትሮጅን ማዳበሪያ የጨመረ ገበሬ ትልቅ ነገር ግን አንገተ ወፍራም ሽንኩርት ያገኛል፤ ያ አንገት አይዘጋም፣ ሻጋታም በእሱ በኩል ይገባል። ከግማሽ የሚበልጠው ቅጠል ሲወድቅ ይነቀላል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን እርሻው ላይ ይቆያል፤ የአንዱ ረድፍ ቅጠል የሌላውን ጭንቅላት እንዲሸፍን ተደርጎ ይደረደራል፤ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ይቃጠላል። ከዚያ አንገቱ ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ተትቶ ቅጠሉ ይቆረጣል፤ አጥብቆ የቆረጠ ቁስል ከፈተበት ማለት ነው። ቀጥሎ ከ10 እስከ 12 ቀን ጥላ ሥር ይደርቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ተለይቶ ወደ ጎተራ የሚገባው።

እንዲህም ሆኖ ከአራት እስከ አምስት ወር ሲቆይ ከ30 እስከ 40 በመቶው ሊጠፋ ይችላል። ትልቁ ድርሻ የውሃ ትነት ነው፤ ቀሪው ብስባሽ፣ ከዝናቡ ወራት በኋላ ደግሞ ማጎንቆል ነው። መጋቢት ላይ ድንገተኛ ዝናብ ወይም በረዶ የመታው ሽንኩርት ሲገባ ደህና መስሎ በሐምሌ ጥቁር ሻጋታ ለብሶ ይገኛል።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል፦ አንድ ገበሬ ግንቦት ላይ 100 ኩንታል አለው፣ የዕለቱ ዋጋ በኩንታል 1,200 ሩፒ ነው እንበል። ዛሬ ቢሸጥ 120,000 ያገኛል። እስከ መስከረም ቢያቆየውና 30 ኩንታሉ ቢጠፋ፣ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት ብቻ በኩንታል ከ1,700 በላይ መሸጥ አለበት። የጎተራው ወጪ፣ የመለያው ጉልበትና የብድሩ ወለድ ገና አልተቆጠሩም። ማቆየት ቁማር ነው የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ግማሹን ሸጦ ግማሹን የሚያቆየውም ለዚሁ ነው።

ሽንኩርትን በጨረር ማቆየት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ማሽኑም እዚያው ላሳልጋኦን ውስጥ አለ። ባባ የአቶሚክ ምርምር ማዕከል ክሩሻክ የተባለውን የኮባልት 60 ጋማ ጨረር ጣቢያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እዚህ አቁሟል። ሽንኩርት ከ60 እስከ 90 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ሲያገኝ የመብቀያ ልቡ ይሞታል፤ አያጎነቁልም። ጨረር ያገኘ ምግብ ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንም።

ታዲያ ለምን ሁሉም አይጠቀምበትም? ጨረሩ ማጎንቆልን እንጂ ብስባሽንና ትነትን አያቆምም፤ ትልቁ ኪሳራ ደግሞ እነሱ ናቸው። በተጨማሪም ከተነቀለ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ልቡ ሳይነቃ መደረግ አለበት። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ መጋዘን ካልተከተለው ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጣቢያው ስሙን ያስጠራው በማንጎ ነው፦ በ2007 አሜሪካ የህንድን ማንጎ ስትፈቅድ ነፍሳትን ለመከላከል 400 ግሬይ ጠየቀች፤ የመጀመሪያዎቹም ጭነቶች በላሳልጋኦን በኩል አለፉ።

ሥራውን የሚሠራው ማነው?

እርሻው በአብዛኛው የማራታ ገበሬ ቤተሰቦች ነው፤ ንግዱ ውስጥ ከራጃስታንና ከጉጃራት ከትውልዶች በፊት የመጡ ማርዋሪና ጉጃራቲ ቤተሰቦች ሰፊ ቦታ አላቸው፤ ከገበሬ ልጆች የወጡ ነጋዴዎችም እየበዙ መጥተዋል። ችግኝ የሚተክሉትና የሚለዩት በብዛት ሴቶች ናቸው። ከናሺክ ምዕራባዊ ተራሮች፣ ከሱርጋናና ከፔት የሚመጡ አዲቫሲ የሚባሉ የጥንት ነባር ሕዝብ ቤተሰቦች በተከላና በነቀላ ወቅት በቡድን ይዋዋላሉ። ችግኙ በ15 በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት በእጅ አንድ በአንድ ስለሚተከል አንድ ሄክታር ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ችግኝ ይወስዳል፤ ያ ሁሉ በጎንበስ የሚሠራ ነው።

በነጋዴው ግቢ ውስጥ ሴቶች ቁጢጥ ብለው በመጠን ይለያሉ፤ ወንዶች ጆንያ ይሞላሉ፣ ይሰፋሉ፣ ይጭናሉ። የማሃራሽትራ ተሸካሚዎች በ1969 በወጣው ሕግ መሠረት ተመዝግበው የጡረታና የሕክምና መብት ያገኛሉ። በገጠር ጎተራ በቀን ክፍያ የምትለየው ሴት ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናት። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብዙ ይጻፋል፤ ስለ እሷ የቀን ደሞዝ ግን እምብዛም።

ሰዉ ምን ይበላል?

የዘንጋዳ ወይም የማሽላ ቂጣ፣ ባክሪ ይባላል፤ ከሽምብራ ዱቄት ወጥ፣ ከተወቀጠ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጋር። አጠገቡ በጡጫ ተመትቶ የተፈረከሰ ጥሬ ሽንኩርት አይጠፋም። ጠዋት በገበያው በር ላይ ሚሳል የሚባለው በበቀለ ጥራጥሬ የሚሠራ የሚያቃጥል ወጥ ከዳቦ ጋር ይበላል።

ገበያው መቼ ይዘጋል?

በዲዋሊ በዓል ሰሞን ለሳምንት ወይም ከዚያ በላይ። ሲከፈት የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ቀን ስለሚጎርፍ ዋጋው ይዋዥቃል። ጨረቃ በምትጠፋበት ዕለት ጨረታ ያለማካሄድ የቆየ ልማድ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ተትቷል። ሌላው መዘጊያ አድማ ነው።

መንግሥት ለምን ይህን ያህል በሽንኩርት ይገባል?

ሽንኩርት መንግሥት ስለሚጥል። በ1980 ምርጫ የሽንኩርት ዋጋ የኢንዲራ ጋንዲ የቅስቀሳ መሣሪያ ነበር። በ1998 ደግሞ በዴልሂ የክልል ምርጫ ገዢው ፓርቲ ሲሸነፍ የሽንኩርት ውድነት ዋና ምክንያት ተብሎ ተቆጥሯል። ከዚያ ወዲህ የትኛውም መንግሥት የከተማ ችርቻሮ ሲንር ቀድሞ የሚነካው የወጪ ንግዱን ነው።

የቅርቡን ብቻ እንይ። በሴፕቴምበር 2019 መጨረሻ እገዳ፣ በማርች 2020 ተነሳ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር እንደገና እገዳ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ተነሳ። በኦገስት 2023 የ40 በመቶ የወጪ ቀረጥ፣ በኦክቶበር በቶን 800 ዶላር ዝቅተኛ ዋጋ (ከዚያ በታች ወደ ውጭ መሸጥ ክልክል ነው)፣ በዲሴምበር 8 ሙሉ እገዳ። በሜይ 2024 በ550 ዶላር ዝቅተኛ ዋጋና በ40 በመቶ ቀረጥ ተከፈተ፤ በሴፕቴምበር ቀረጡ ወደ 20 ወረደ፤ በኤፕሪል 1 ቀን 2025 ሙሉ በሙሉ ተነሳ።

ከዚህ ጎን መጠባበቂያ ክምችት አለ፤ መንግሥት ናፌድ በተባለው የግብርና ግብይት ኅብረት ሥራ ድርጅትና በሌላ መሰል ድርጅት በኩል በበጋ ገዝቶ በመኸር ያወጣል። በ2023 ዒላማው ከ300,000 ወደ 500,000 ቶን ከፍ ብሏል። ነጋዴ የሚያከማቸው ላይም ጣሪያ ሊጣል ይችላል።

ችግሩ ጊዜው ነው። ዋጋ ሲወድቅ የሚደርስ እጅ ዘገምተኛ ነው፤ ሲወጣ ግን እገዳው በአንድ ሌሊት ይመጣል። በ2018 መጨረሻ አንድ የኒፋድ ገበሬ 750 ኪሎ ሽንኩርት በ1,064 ሩፒ ሸጦ፣ ገንዘቡን በተቃውሞ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በፖስታ ልኳል፤ በኪሎ 1 ሩፒ ከ40 ገደማ መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር የከተማ ችርቻሮ በኪሎ ከ100 ሩፒ አልፎ ነበር። ሸማቹን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግንቦት ላይ ያቆየ ገበሬ የገባው ቁማር ላይ ሕጉም በመሃል ሲለወጥበት ፍትሐዊ ነው ማለት አይቻልም።

በአካባቢው ሌላ የሚታወቅ ነገር አለ?

ወይን። ኒፋድና ፒምፓልጋኦን የህንድ የገበታ ወይን ማዕከል ናቸው፤ አጠገብ ያለችው ቪንቹር የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች የሰፈሩባት ናት። ናንዱር ማድሜሽዋር የተባለው የጎዳቫሪ ግድብ በበጋ ስደተኛ ወፎች የሚያርፉበት ሲሆን በ2020 በራምሳር ዓለም አቀፍ ስምምነት የተመዘገበ የማሃራሽትራ የመጀመሪያው እርጥብ መሬት ሆኗል። በምሥራቅ በኩል ዬዎላ አለች፤ ፓይታኒ የሚባለው የሐርና የወርቅ ክር ሳሪ የሚሸመንባት ከተማ ናት። የዳሊቶች («የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት) መሪ ዶክተር አምቤድካር በ1935 «ሂንዱ ሆኜ ተወለድኩ፤ ሂንዱ ሆኜ ግን አልሞትም» ያለውም እዚያ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፣ ሁለት መንገድ። የመጀመሪያው ዘሩ ነው። የመቂና የዝዋይ ገበሬ የሚያውቃቸው ቦምቤ ሬድና ናሲክ ሬድ የተባሉት የሽንኩርት ዝርያዎች ስማቸው ከዚህ አገር ነው፤ ናሲክ የናሺክ የቀድሞ አጻጻፍ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለወጥ የሚያቁላሉት የህንድ ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ከእነዚሁ ገበያዎች የሚወጣ ነው፤ የ2023ቱ እገዳ በዱባይና በዶሃ ሱቆች ወዲያው የታየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማሊክ አምባር ነው። በ1548 አካባቢ በኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት ተሸጦ ደካን ወደተባለው የህንድ ደጋማ አገር የደረሰው ይህ ሰው የአህመድናጋር ሱልጣኔት ባለሙሉ ሥልጣን ሆነ፤ የናሺክ አገርም የዚያ ግዛት አካል ነበር። ከሰሜን የመጡትን የሙጋል ነገሥታት ለዓመታት መክቷል፤ በ1610 ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ካድኪን ቆርቁሯል፤ የመሬት ግብርን በመሬቱ ለምነት መጥኖ የሠራው ሥርዓት ከእሱ በኋላ ለመጡት የማራታ ገዢዎች መሠረት ሆኗል። በ1626 ሞቶ በኩልዳባድ ተቀብሯል። ወደ ናሺክ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ መቃብሩን ሳያይ ባይመለስ ደስ ይላል።

ገበያውን መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል። ፓንቻቫቲ ኤክስፕረስ በጠዋት ከማንማድ ተነስቶ ላሳልጋኦን ቆሞ ወደ ሙምባይ ይወርዳል፤ ማታ ይመለሳል። ጨረታ ማየት የሚፈልግ ግን ናሺክ አድሮ በጠዋት በመኪና ቢመጣ ይሻለዋል። ብዛቱን ለማየት ሚያዝያና ግንቦት፣ የክረምቱን አዲስ ሽንኩርት ለማየት ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ናቸው። ቋንቋው ማራቲ ነው፤ ሂንዲም ይገባቸዋል። ታላቅ ወንድን «ዳዳ» ወይም «ባው»፣ ሴትን «ታይ» ብሎ መጥራት ጨዋነት ነው። በጨረታው ቡድንና በተሳቢው መካከል አይቆሙ፤ ፎቶ ሲያነሱ ፊት ከሆነ ያስፈቅዱ። ዝግ ጫማ ያድርጉ፤ መሬቱ የበሰበሰ ሽንኩርት ይበዛበታል፣ ያንሸራትታል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ማስመጣት የሚፈልግ ምን ማወቅ አለበት?

ከጨረታው በቀጥታ መግዛት አይቻልም፤ የኮሚቴው ፈቃድ ያለው ነጋዴ ወይም ላኪ ያስፈልጋል። ላኪው የአስመጪና ላኪ መለያ ቁጥር፣ የአፔዳ (የህንድ የግብርና ምርቶች ወጪ ንግድ ባለሥልጣን) ምዝገባና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት፤ ሦስቱን ሳያዩ ቅድሚያ ክፍያ አይላኩ። ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር 28 ቶን ገደማ ይይዛል፤ የሚወጣውም ከሙምባይ አጠገብ ካለው ናቫ ሼቫ ወደብ ነው።

በውሉ ላይ የሽንኩርቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይጻፉ፤ «መካከለኛ» ብቻ ከተባለ ላኪው 45 ሚሊ ሜትር ሲያስብ እርስዎ 55 ይጠብቃሉ። የየትኛው ዙር ሰብል እንደሆነም ይጻፍ፤ በኅዳር የተነቀለ የክረምት ሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ወር አይቆይም። የኮንቴይነሩ አየር ማስገቢያ ክፍት ሆኖ እንዲጫን ያዙ፤ ተዘግቶ የሄደ ሽንኩርት ውሃ አልቦት ይደርሳል። ሕንድ የወጪ ንግዱን ብታግድ ወይም ቀረጥ ብትጥል በመንገድ ያለው ጭነት በማን ኪሳራ እንደሚሆንና ቅድሚያ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚመለስ የሚገልጽ አንቀጽ የሌለበትን ውል አይፈርሙ። በዲሴምበር 2023 እገዳው ድንገት ሲመጣ ወደብ ላይ ቆመው የቀሩ ኮንቴይነሮች ነበሩ።